መንገዱ የሚያልቅበት በር

ከባተን ሩዥ ወደ ሰሜን ሲነዳ ሴንት ፍራንሲስቪል የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች። ከእሷ በኋላ 66 ቁጥር መንገድ ጫካ ለጫካ ሲጠማዘዝ ሄዶ አንድ ትልቅ በር ላይ ያበቃል። ይህ በአሜሪካ የሉዊዚያና ግዛት እስር ቤት ነው፤ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ግን አንጎላ በሚለው ስሙ ነው። ቀድሞ በባሪያ ጉልበት የሚታረስ እርሻ ነበር፤ ስሙም የመጣው ባሪያዎቹ ከተጋዙበት የአፍሪካ አገር ነው። ስፋቱ 18,000 ኤከር ሲሆን ሚሲሲፒ ወንዝ በሦስት ወገን ይከበዋል። ዛሬም የሚያርሱት እስረኞች ናቸው፤ የሰዓት ክፍያቸውም በሳንቲም ነው።

የደረስኩት በጥቅምት እሑድ ነው። በዚህ ወር እሑድ እሑድ እስር ቤቱ ለሕዝብ ይከፈታል፤ እስረኞች ኮርማ ይጋልባሉ፣ ሕዝቡ ትኬት ቆርጦ ያያል። ኮርማው ሰው በጣለ ቁጥር የሚነሣውን ጩኸት መስማት አልቻልኩም። ወጥቼ እስረኞች የእጅ ሥራቸውን ወደሚሸጡበት ገበያ ሄድኩ።

የሚወዛወዝ ወንበር፣ የእንጨት መጫወቻ፣ የቆዳ ቦርሳ በየተራው ተደርድሯል። ከፊሎቹ ሻጮች ከገዢው ጋር ተቀላቅለው ይሠራሉ፤ የቀሩት ከሽቦ አጥር ወዲያ ናቸው። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ሽበታም ሰው ቀበቶ ይሸጣል። ጠርዙን የሰፋው በእጁ ነው፤ ስፌቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው። በ16 ዓመቱ ሰው ገድሎ እንደገባ ሳልጠይቀው ነገረኝ፤ ምክንያት አልደረደረም። አሁን የሚያስጨንቀው የአመክሮ ቦርዱ ነው። ቦርዱ ስትወጣ የት ትኖራለህ ብሎ ይጠይቃል። እናቱ ሞታለች፤ እህቱ የት እንዳለች አያውቅም። ይህን እየነገረኝ ቀበቶውን ጠቅልሎ ሰጠኝ።

እዚህ ድረስ ያመጣኝ የሄንሪ ሞንትጎመሪ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963፣ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ሲዞር ቻርልስ ኸርት የተባለ ምክትል ሸሪፍ አገኘው። ልጁም ተኩሶ ገደለው። ገዳዩ ጥቁር፣ ሟቹ ነጭ ነበሩ። መጀመሪያ ሞት ተፈረደበት። ግድያው በተፈጸመበት አካባቢ በነበረው ጥላቻ የተነሣ ፍትሐዊ ችሎት አላገኘም ተብሎ ፍርዱ ተሻረ። በሁለተኛው ችሎት የዕድሜ ልክ እስራት ተወሰነበት፤ አመክሮ የሌለው። ሕጉ ቅጣቱን አስቀድሞ ቆርጦት ስለነበር ልጅነቱን የመዘነለት አልነበረም። እዚሁ አንጎላ ውስጥ በጨርቅ ኅትመት ክፍል ሠራ፤ እስረኞችንም ቦክስ አሠለጠነ።

በ2012 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ18 ዓመት በታች ባሉ ነፍሰ ገዳዮች ላይ አመክሮ የሌለው የዕድሜ ልክ እስራት በግዴታ እንዳይጣል ከለከለ። በ2016 ደግሞ በሞንትጎመሪ ስም በሚጠራው መዝገብ ውሳኔው ቀድሞ ለተፈረደባቸውም እንዲሠራ አዘዘ። በአገሪቱ ስንቱ በእሱ ስም ወጣ! እሱን ግን የአመክሮ ቦርዱ በ2018 እና በ2019 መለሰው። በኅዳር 2021 ሲለቀቅ 75 ዓመቱ ነበር፤ 57 ዓመት ታስሯል።

ኸርትን መርሳት ግን ግፍ ነው። ልጆች ነበሩት። ከሴት ልጆቹ አንዷ እስር ቤት ድረስ ሄዳ ሞንትጎመሪን ይቅር አለችው፤ መፈታቱን ግን ተቃወመች። ልፈርድባት አልችልም፤ አባቷን የሚመልስላት የለም። ሆኖም ይቅርታ የእሷ ነው፣ ቅጣቱ ግን የመንግሥት። መንግሥት ልጅን ሲቀጣ፣ የቀጣው ሰው ከዓመታት በኋላ ምን እንደሆነ ተመልሶ የማየት ግዴታ አለበት። እኔ ያለ ምርመራ ይፈታ አልልም። አደገኛ ሆኖ ከተገኘ ይቆይ። ነገር ግን በ17 ዓመቱ በተሰጠ ፍርድ የ70 ዓመት ሽማግሌ ሳይታይ እንዲሞት ማድረግ ፍትሕ አይደለም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የመፈታት ዕድል የሌለውን የዕድሜ ልክ እስራት ይከለክላል። አሜሪካ ስምምነቱን እስካሁን አላጸደቀችም። ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2021 ዳኛው ልጁ የማይታረም መሆኑን ሳያረጋግጥ ይህን ቅጣት ሊወስን እንደሚችል ፈረደ።

ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባቸው ግዛቶች ቨርጂንያ በ2020፣ ሜሪላንድ በ2021 ቅጣቱን ሰርዘዋል። ጆርጂያ አልሰረዘችም። አትላንታና አካባቢዋ የምትኖሩ፣ የመምረጥ መብት ያላችሁ ወገኖቼ፣ የየአውራጃችሁን ዐቃቤ ሕግ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ድምፃችሁን ከመስጠታችሁ በፊት በልጅ ላይ አመክሮ የሌለው የዕድሜ ልክ እስራት ይጠይቅ እንደሆነ ጠይቁት።