የተቃራኒው ቡድን አምበል

ውድ ወጣቶች፣ በማስተምርበት ክፍል ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ «ሰው ሲሰድበን ብንታገሥ ምን እናተርፋለን?» ችኩል መልስ የሚበቃው ጥያቄ ስላልሆነ የአንድ ተጫዋች ታሪክ ልንገራችሁ።

ስሙ ቻርልስ ፎሊስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1879 በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት ተወለደ። በአገሩ ባርነት ከተሻረ ገና 14 ዓመት ያህል ነበር። ያደገው ቤተሰቡ በሄደበት በኦሃዮ ግዛት፣ ዉስተር በምትባል ከተማ ነው። የተጫወተው የአሜሪካ ፉትቦል እኛ እግር ኳስ ከምንለው ይለያል፤ ኳሱ በእጅ ተይዞ ይሮጣል፣ የያዘውንም ሰው የሚያስቆሙት ይዘው በመጣል ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በእንዲህ ያለ ጨዋታ የሚጠላችሁ ሰው ሕጉን ተከልሎ ሊጎዳችሁ ይችላል።

ፎሊስ ጥቁር ነበር። በ1902 በዚያው በኦሃዮ ለሸልቢ ከተማ ቡድን መጫወት ጀመረ፤ በከተማዋ በአንድ የብረታ ብረት ዕቃ መደብርም ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በ1904 ከቡድኑ ጋር ውል ፈረመ። ዛሬ በክፍያ ፉትቦል የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ተብሎ የሚታወቀው እርሱ ነው።

በ1905 ሸልቢ ከቶሌዶ ቡድን ጋር ሲጋጠም ተመልካቹ ፎሊስን በቀለሙ ይሰድበው ጀመር። ወደ ሕዝቡ ዞሮ የተናገረው ግን የሸልቢ ሰው አልነበረም፤ የቶሌዶው አምበል ጃክ ታተርሶል ነው። ፎሊስ ጨዋ ሰውና ንጹሕ ተጫዋች መሆኑን መስክሮ፣ በዚያ ስም እንዳይጠሩት ለመናቸው።

ፎሊስ ከዚያ በኋላ ብዙ አልተጫወተም። በ1906 ክፉኛ ተጎድቶ ፉትቦል አቆመ፣ ወደ ቤዝቦል ዞረ፣ በ1910 በሳንባ ምች ሞተ። ዕድሜው 31 ነበር። በሸልቢ አብሮት የተጫወተ ብራንች ሪኪ የተባለ የኮሌጅ ተማሪ ከብዙ ዓመታት በኋላ የብሩክሊን ዶጀርስ ቤዝቦል ክለብ ኃላፊ ሆነ፤ በ1945 ጥቁሩን ጃኪ ሮቢንሰንን አስፈረመ፤ ሮቢንሰንም በ1947 ለነጮች ብቻ ተከልሎ ወደ ኖረው ትልቁ ሊግ ገባ። ፎሊስ ይህን ሁሉ አላየም።

ስለዚህ «ታገሡ፣ ቀን ይወጣላችኋል» ብዬ የፎሊስን ታሪክ ላሳምርላችሁ አልፈልግም። የእርሱ ቀን በሕይወቱ ሳለ አልወጣም። እኔን ይዞ የሚያቆመኝ ታተርሶል ነው። ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም ነበር። የሚሳደቡት የገዛ ከተማው ሰዎች ናቸው፤ የሚሰደበው ደግሞ ሊያሸንፈው የመጣ ባላጋራ ነው። እንዲያውም ስድቡ የፎሊስን ልብ ቢሰብር ለቡድኑ ይጠቅመው ነበር።

ወገኖቼ፣ ለተሰደበ ሰው «ታገሥ» ማለት ይቀላል። ለገዛ ወገን «ተዉ» ማለት ግን ወዳጅ ያሳጣል። በትምህርት ቤትም ሆነ በስልካችሁ ላይ ባለው የቡድን ወሬ፣ የሰው ዘር ወይም አነጋገር መሣቂያ ሲሆን አብዛኞቻችሁ ተሰዳቢም ተሳዳቢም አይደላችሁም፤ ከተሳዳቢው ጎን የተቀመጣችሁ ናችሁ። ያ ቦታ የታተርሶል ቦታ ነው። ከዚያ የሚነሣ አንድ ድምፅ ተሰዳቢው ብቻውን ከሚያሰማው አቤቱታ ይልቅ ይሰማል።