ቁመትና የአብራሪ መቀመጫ

ውጊያ በጦርና በጋሻ በነበረበት ዘመን ረዥም ክንድ ትልቅ ሀብት ነበር። የጦር አይሮፕላን ግን ሌላ ሚዛን አመጣ። አጭሩ አብራሪ በእግሩ መርገጫው ላይ ካልደረሰ አይሮፕላኑን ሊገራው አይችልም፤ ረዥሙም በአደጋ ጊዜ ከነመቀመጫው ተፈናጥሮ ሲወጣ ጉልበቱ ሊጎዳ ይችላል። በ1966 እ.ኤ.አ. አገራችን የገባው ኤፍ-5 ተዋጊም የአብራሪው ክፍል ጠባብ ነው።

ከጢቾ ተማሪዎች መካከል በቁመቱ ብዛት ምኞቱ እንዳይቀርበት የሚሠጋ አንድ ወጣት እናውቃለን። ለእርሱ የምንነግረው ይህን ነው፤ በ1950 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ አየር ኃይል ከ4,000 የሚበልጡ አብራሪዎችን አስለክቶ ነበር። ጊልበርት ዳንኤልስ የተባለው አጥኚ ልኩን ሲመረምር፣ በዐሥሩም መለኪያ መካከለኛ የሆነ አንድ ሰው እንኳ አላገኘም። ከፍና ዝቅ የሚል መቀመጫም የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ወንበሩ ለሰው ይበጅ እንጂ ሰው በወንበር ልክ አልተፈጠረም። እኛም በየመሥሪያ ቤታችን ይህን ብናስብ መልካም ነው።