ባሕሩን ሊያሳይ

የጎጃም ሰው ጣናን ባሕር ይለዋል፤ የባሕር ዳር ከተማም ስሟን ከዚሁ አገኘች። አንድ የደብረ ማርቆስ መምህር አረጋዊት እናቱን ይህን ባሕር ለማሳየት ሲመኝ ኖሮ፣ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ አስጉዞ አመጣቸው።

በማለዳም በጀልባ ወደ ክብራን ገብርኤል ተሻገሩ። ገዳሙ በ14ኛው መቶ ዓመት የተመሠረተ ነው፤ ነገር ግን ሴት አይገባበትምና እናቲቱ በጀልባው ላይ ቀሩ። መምህሩ ክቡን ቤተ ክርስቲያን ሲዞር ሐሳቡ ከውኃው ዳር ነበረ። ፈጥኖም ተመልሶ፣ «እማዬ፣ ይህን ያህል አድክሜ ከደጅ አስቀረሁዎ» ቢላቸው፣ «እኔስ የመጣሁት ለሌላ ነው፤ ዓባይ የሚወጣበትን አሳየኝ» አሉት።

ጀልባው ደንገሉን እየታከከ ከዚያ ደረሰ። ዓባይ ከባሕሩ ሲወጣ ድምፅ የለውም፤ ጎጃምን የሚከብበት ያ ጥልቅ በረሓ ገና ሩቅ ነው። የእናቲቱን ታላቅ ወንድም ግን፣ በዚያ በረሓ ድልድይ በሌለበት መልካ ሲሻገር፣ ይኸው ውኃ ወስዶት ነበር፤ አስከሬኑም አልተገኘም። እጃቸውን ወደ ውኃው ሰደዱና፣ «አንተ፣ ከቤትህ ስትወጣ እንዲህ ጨዋ ነህን?» አሉት። ከዚያም አማተቡ፤ በነጠላቸው ጫፍም ዓይናቸውን አበሱ።

መምህሩ የገዳማቱን ታሪክ ሊተርክላቸው አጥንቶ መጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ዝም አለ። አገር አሳያለሁ ብሎ የወጣ ሰው፣ እንግዳው ምን ሊያይ እንደ መጣ አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው።