ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ጨዋ ነውን?

በአገራችን የልጅ ጭንቀት እንደ ጭንቀት አይቆጠርም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንደሚባለው፣ ልጅ ያዘነበትም ነገር ለቁም ነገር ሳይበቃ ይታለፋል። የሚረብሽ ልጅ ከሆነ ግን ወዲያው ይታያል፤ ይቆጡታል፣ ይገርፉታል፣ ጎረቤት ሳይቀር ይመክረዋል። ዝም ያለውንስ ማን ያየዋል? እሱማ «ጨዋ» ነው!

የታላቅ እህቴ ልጅ ጨዋ ከሚባሉት አንዷ ነች። እናቷ ለሰው ቤት ሥራ ሳዑዲ ዐረቢያ ስትሄድ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ደሴ ከእናቴ ጋር ቀረች። የመጀመሪያውን ሳምንት ስታለቅስ ሰነበተች። ከዚያ ዝም አለች። እንግዳ ሲመጣ እጅ ታስታጥባለች፣ የቀረበላትን ትበላለች፣ አስተማሪዋም «እንደሷ ያለ ጨዋ ልጅ የለኝም» ትላለች። ቤተሰቡ «ለመደች፣ እግዜር ይመስገን» አለ። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት ሆዷን ያማታል፤ ከተወችው የቆየ ሽንትም ሌሊት ያመልጣት ጀመር። ጤና ጣቢያ ሁለት ጊዜ የወስፋት መድኃኒት ተሰጣት። ጠበልም ተወስዳለች። (እናቴ ችላ አለች የሚል ካለ ቤታችንን አያውቅም።) ከሁሉም ያሳሰበኝ ግን እናቷን ልክ እንደ እኛ በስሟ መጥራት መጀመሯ ነው።

በክፍል ውስጥ ስለ ጄምስ ሮበርትሰን ተምረናል። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1952 ለንደን ውስጥ ሆስፒታል ስለተኛች የሁለት ዓመት ልጅ ፊልም አወጣ። በዚያን ጊዜ እዚያ ወላጅ የታመመ ልጁን እንደልቡ መጠየቅ አይችልም ነበር። ሮበርትሰንና የሥራ ባልደረባው ጆን ቦልቢ እንዳስረዱት፣ ከወላጁ የተለየ ሕፃን መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣል፣ መጨረሻ ላይ ልቡን ከእናቱ ያርቃል። ነርሶቹ «ለመደ» የሚሉት ታዲያ ዝም ሲል ነው! እ.ኤ.አ. በ1959 በዚያው በእንግሊዝ የወጣው የፕላት ሪፖርት ወላጆች ያለ ገደብ እንዲጠይቁ መከረ። እኔ ይህን ሳነብ የታየኝ የለንደን ሆስፒታል ሳይሆን የእኛ ሳሎን ነው።

እናቴን «እማዬ፣ ከእናቷ ጋር በስልክ ታውራ እንጂ» ስላት «ባወራቻት ቁጥር ስታለቅስ ታድራለች፣ ቁስሏን ለምን ትነካካለህ?» አለችኝ። ብዙ ተከራከርን። እኔ የምለው ልቅሶው ከዝምታው ይሻላል ነው፤ የምታለቅስ ልጅ ገና ትጠብቃለችና። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም እንደሆነ ከአዲስ አበባ ውጭ ማግኘት ከባድ ነው፤ ከቤተሰቡ በቀር ማን አላት? በመጨረሻ እህቴ ዕረፍት በምታገኝበት ዓርብ ዓርብ እንድትደውል ተስማማን። እናቴም ጠጉሯን ስትሠራት፣ እህቴ ልጅ ሳለች የሠራችውን ጥፋት ሁሉ ታጫውታት ጀመር። ይህን ማንም አልመከራትም፤ ከራሷ ያመጣችው ነው።

አሁን ጨዋነቷ ቀንሷል ማለት ይቻላል። ትነጫነጫለች፤ ከልጅ ጋር ተጣላች ተብሎም ትምህርት ቤት ወላጅ ተጠርቷል። ሽንቱ ጨርሶ ባይተዋትም ቀንሷል። በቀደም ስልኩ ከተዘጋ በኋላ «ስትሄድ ለምን አልቀሰቀሰችኝም?» ብላ ጠየቀች። እውነትም እህቴ የሄደችው ሌሊት፣ ልጅቷ ተኝታ ሳለች ነው፤ እንዳታለቅስ ተብሎ። እናቴ ማበጠሪያውን አስቀምጣ «አትቀስቅሻት ያልኳት እኔ ነኝ» አለቻት። ልጅቷ በትንሽ ቡጢዋ ደጋግማ መታቻት፤ ከዚያም እዚያው ጭኗ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እናቴ ዝም በይ አላለቻትም።