ያቺ አንዲት ገመድ

ልጅ ሳለሁ ሽንፋ ላይ ክረምት የሚገባው በዝናብ አልነበረም፤ በድምፅ ነበር። ሌሊት ተኝተን ወንዙ ያጓራል። አባቴ ከአልጋው ሳይነሳ «መጣ» ይላል። ማን መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ማዶ ያለ ማዶ ነው፤ ወዲህ ያለም ወዲህ።

በበጋ ይኸው ወንዝ ኩሬ ለኩሬ ተቆራርጦ ልጆች ዓሣ በእጃችን የምንይዝበት ምስኪን ነገር ይሆናል። በእኛ አልተጀመረም ለካ! በእነ ጆን ካፕልማን የተመራው የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 «ኔቸር» መጽሔት ላይ እንዳወጣው፣ የዛሬ 74 ሺህ ዓመት ገደማ የሽንፋ ወንዝ ዳር ሰዎች ድርቅ ሲጠናባቸው ከየኩሬው ዓሣ እያወጡ ይበሉ ነበር። በበጋ ወንዙን ማሸነፍ ቀላል ነው። ጭንቁ ክረምት ላይ ነው።

አንድ ክረምት ታላቅ እህቴ ምጥ ያዛት። አዋላጇ እማማ ማዶ ናቸው። ወንዙ ደግሞ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ከደንቢያ፣ ከጣና ዳር መጥቶ ከእኛ ጋር የሚኖር አጎት ነበረን። ጋሼ ብዙ አይናገርም። «እዚህ ደንገል ቢኖር ታንኳ እሠራ ነበር» አለና ዝም አለ። ከዚያ ወደ ቤት ገብቶ አባቴ የሚተኛበትን ጀንዲ ከአልጋው ላይ ገፈፈው። ድርቆሽ ጠቀጠቀበት፣ ጠርዙን በመጫኛ ሰበሰበው፣ ሁለት ስልቻ ነፍቶ ከጎኑ አሰረ። ሁለት ዋናተኛ ጎረምሶች ይዞ ወንዙ ውስጥ ገባ።

እማማን ይዘዋቸው ሲመለሱ አስታውሳለሁ። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጠምጥመው ነበር። «ካላየሁት አይወስደኝም» አሉ አሉ። የእህቴ ልጅ ያን ዕለት ተወለደ። ዛሬ ሰሊጥ የሚጭን መኪና ይነዳል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይኸው ልጅ «በምን ተሻግረው ነው ያዋለዱኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ወረቀት አወጣሁና ልስልለት ብዬ እስክሪብቶዬ ቆመ። ጋሼ ከሞተ ቆይቷል፤ ጎረምሶቹም የሉም። እኔ ገበቴ መሰል ረጅም ነገር ይታየኛል። ወንድሜ ደግሞ «ኧረ እንደ መሶብ ክብ ነበር!» ይላል። ሁለታችንም ዳር ቆመን አይተናል። ሁለታችንም እንምላለን።

ለካ የእኛን ክርክር የሚከራከሩ ሊቃውንት አሉ። የሰሜን ዋልታ አካባቢ ሰዎች ከእንጨት አጥንትና ከአቆስጣ ቆዳ የሚሠሯት ካያክ የምትባል ጀልባ አለች። ልኳ የባለቤቷ ገላ ነው፤ ክንዱ፣ ወገቡ፣ እግሩ። ታዲያ ካያኳ ሙዚየም ገብታ ስትሰቀል ቆዳው እየደረቀ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር እንጨቱን ይጎትተዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ ግድግዳው ላይ ያለችው የተጣመመች ናት። ስለዚህ አጥኚዎቹ እያንዳንዱን እንጨት ለክተው፣ ማድረቅ ያመጣውን ጥመት ቀንሰው፣ መጀመሪያ ምን ትመስል እንደነበር ለማወቅ ይደክማሉ። ኤድዊን ታፓን አድኒ የተባለው ሰው ዕድሜውን የሰሜን አሜሪካ ሕንዶችን የዛፍ ልጥ ጀልባዎች ሲለካና ከመቶ በላይ ትንንሽ አምሳያ ሲሠራ ኖሮ በ1950 እ.ኤ.አ. ሞተ። ሃዋርድ ሻፔል የእሱን ማስታወሻ ከቆዳ ጀልባዎች ልክ ጋር አድርጎ በ1964 በስሚዝሶንያን በኩል አሳተመው።

«ቅርጹን ማወቅ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። እኔም ብዬ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ከእኛው ጣና ነው።

ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፆች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር ብሎ ተነሳ። ደንገሉን ከጣና አስቆረጠ። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች በጊዛ ፒራሚዶች ሥር ሠሩለት። ስሟን «ራ» አላትና በ1961 ዓ.ም. ግንቦት ወር ከሞሮኮ ተነሳ። በጥንቱ የግብፅ ሥዕል ላይ ከተቆለመመው የጀልባዋ ጅራት ወደ ወለሏ የምትወርድ አንዲት ገመድ አለች። ጌጥ ትመስል ነበርና ቀረች። ባሕሩ መሐል ሲደርሱ ጅራቱ እየሰመጠ ውኃ አስገባ። ያቺ ገመድ ለካ ጅራቱን እንደ ሞላ ይዛ ቀና የምታደርገው ነበረች! ባርቤዶስ ሳይደርሱ ጀልባዋን ጥለው ወጡ። በዓመቱ ጉድለቱ በታረመባት በ«ራ ሁለት» ግን በ57 ቀን ባርቤዶስ ገቡ።

አያችሁ፣ ሥዕሉን የሳለው ሰው ገመዷን አልረሳትም። ጥቅሟን የሚያውቀው ሰው ግን ከሞተ ቆይቷል።

ባሕር ዳር በሄድኩ ጊዜ አንድ የነገደ ወይጦ ታንኳ ሠሪ ዘንድ ሜትር ይዤ ቀረብኩ። ሰውየው ሳቀብኝ። «ጌታዬ፣ ይኼ እኮ በክንዴ ነው» አለ። የዋልታው ሰው በገላው፣ የጣናው ሰው በክንዱ። «ልጆችህስ ይሠራሉ?» አልኩት። ደንገሉ እየራቀ መሆኑን በእጁ አሳየኝ እንጂ አልመለሰልኝም።

ከዚያ ሽንፋ ወረድኩ። የአባቴ ጀንዲ አልጠፋም፤ ሰሊጥ ጆንያ ላይ ተጥሎ አገኘነው። ደርቆ እንደ ጣውላ ሆኗል። ከወንድሜ ጋር አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ነክረን በማግስቱ ዘረጋነው። ጠርዙ ዙሪያውን ተበስቷል። ወንድሜ «አላልኩህም?» አለ። እኔ «ቀዳዳ ረጅምም ያደርጋል» ብዬ አልረታ አልኩ።

በመጨረሻ እማማ ዘንድ ሄድን። አርጅተዋል፤ ግን አሉ። በሕይወት ያሉት ብቸኛዋ ተሳፋሪ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ዓይናቸውን ሸፍነው ነበር!

«እኔማ ምን አይቼ፣ ልጄ» አሉ። ተስፋ ቆርጠን ልንነሳ ስንል ሳቅ አሉና «ጉልበቴ አገጬን እየነካ ነው የተሻገርኩት። እንደ ጫጩት ኩርምት ብዬ። እግሬን ልዘረጋ ብል የት ልዘረጋው!» አሉ።

ክብ ነበረ። ወንድሜ ረታኝ።

በዚያው ዕለት ጋሼ መጫኛውን እንዴት እንደቋጠረ ጠየቅናቸው። እጃቸውን አንስተው አየር ላይ ጥቂት አዞሩና መለሱት። «እሱንማ ጋሼህን ነበር መጠየቅ» አሉ።

ልክ ናቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ እሱ አጠገብ ተኝቻለሁ፤ አንድ ቀን አልጠየቅኩትም።