ዜናው አንድ፣ ማሳያው ብዙ

ሙያዬ ለዜና ክፍሎች ሶፍትዌር መሥራት ነው። ነገሩ የቴክኒክ ቢመስልም የዜና አንባቢን በቀጥታ ስለሚነካ ልጻፈው።

አንድ ዜና ድረ ገጽ፣ ሞባይል መተግበሪያ፣ ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ለየብቻ ሲለጠፍ አራት ዜና ይሆናል። የሟቾች ቁጥር ተሳስቶ ቢወጣ አንዱ ጋ ይታረማል፤ ሦስቱ ጋ እንደተሳሳተ ይቀራል።

ሄድለስ ሲኤምኤስ የሚባለው አሠራር መፍትሔው ይህ ነው፦ ዜናው ከገጹ ዲዛይን ተለይቶ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ድረ ገጹም መተግበሪያውም በኤፒአይ በኩል ከዚያው ይወስዳሉ። አንዴ ሲታረም ከዚያ በሚወስዱት ሁሉ ጋ ይታረማል። ፎርዋርድ የተደረገውን ግን ማንም አይመልሰውም። የአሜሪካው ኤንፒአር ኤፒአዩን የከፈተው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእንግሊዙ ጋርዲያን በዓመቱ ተከተለ። ዛሬ ስትራፒን የመሰሉ በነፃ የሚገኙ መሣሪያዎች ስላሉ ገንዘብ ትልቁ ሰበብ አይደለም።

ከባዱ ቅጹን መንደፍ ነው። የውጭው ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ እንዳለ ከተወሰደ ዜናው የሚጠቅሰው ሚኒስትሩን ሳይሆን አባታቸውን ይሆናል። «2016» ተብሎ ሲጻፍ በማን አቆጣጠር ነው? ፍለጋው «ፀሐይ»ን እና «ጸሀይ»ን እንደ አንድ ቃል ካላየ ደግሞ የማኅደሩ ግማሽ ተደብቆ ይቀራል።

እኔ የምለው፣ የዘገባው ዋና ቅጂ በሚዲያው በራሱ እጅ ይሁን። ቻናል ይዘጋል፤ ገጽ ይጠለፋል። ባለሥልጣንን «ትናንት እንዲህ ብለው ነበር» ብሎ የሚሞግት ሚዲያ፣ መጀመሪያ የራሱን የትናንት ቃል ፈልጎ ማግኘት መቻል አለበት።