ኮምፒውተሩ በየትኛው ወር ይበላሻል?

የትምህርት ዘመኑ መስከረም ላይ ይጀምራል። የመንግሥት በጀት ግን ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። በመካከላቸው ያለው የሁለት ወር ልዩነት ተራ የቀን ጉዳይ ይመስላል። ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር ግን የሞት ሽረት ጉዳይ ነው።

ሱሉልታን ለአብነት ማየት ይቻላል። ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ ያለችው ይህች ደጋ ከተማ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናት። ክረምቷ ዝናብና ጭጋግ፣ በጋዋ አቧራ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የኮምፒውተር ክፍልም ይቆለፋል። ሁለት ወር ያልተነካ ማሽን እርጥበት ይገባዋል፣ ባትሪው ይደክማል፤ ጣሪያው ቢያፈስም የሚያየው የለም። የአይሲቲ መምህሩ መስከረም ላይ በሩን ከፍቶ "ይሄ አይነሳም፣ ያም አይነሳም" እያለ ሲቆጥር፣ የዓመቱ በጀት ጸድቆ ተደልድሏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ጥፋቱ የመምህሩ ስንፍና አይደለም። ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ የተረከበው ሰው ፈርሟል። ቢጠፋ ይጠየቃል፤ ቢሰበር ይጠየቃል። ተማሪ ሳይነካው ቢያረጅ ግን ጠያቂ የለም። ታዲያ አስተዋይ ሰው ምን ያደርጋል? ይቆልፋል።

አገሪቱ ይህን ከዚህ በፊት አይታዋለች። በ1990ዎቹ መጨረሻ "ፕላዝማ" ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ፣ ትምህርቱ በሳተላይት በተቆረጠለት ሰዓት ይተላለፍ ነበር። መብራት ከሄደ ትምህርቱ አለፈ። ስክሪኑ ከተበላሸ ጠጋኝ መጠበቅ ነው። ለመግዛት የታሰበውን ያህል ለማቆየት አልታሰበም።

አሁን ነገሩ ከረር ብሏል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በኦንላይን ተሰጠ፤ በ2017ም ቀጠለ። ማውስ የጨበጠው ለፈተናው ሰሞን ብቻ የሆነ ልጅ፣ ቤቱ ላፕቶፕ ካለው ልጅ ጋር እኩል ተፈተነ ማለት ይከብዳል። የተቆለፈው ክፍል ከእንግዲህ የንብረት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የልጅ ውጤት ነው።

መፍትሔው ከገንዘብ በፊት የወር ዕቅድ ይጠይቃል። በሴሚስተሩ እረፍት አቧራው ይጽዳ፤ እያንዳንዱ ማሽን ተከፍቶ ይሞከር። መጋቢት ላይ የብልሽቱ ዝርዝር ለቀጣዩ የበጀት ጥያቄ ይድረስ። ሚያዝያ ላይ ተማሪዎች በኮምፒውተር የሙከራ ፈተና ይውሰዱ። ሰኔ ላይ ፋይሉ ተገልብጦ ይቀመጥ፤ ማሽኖቹ ከወለልና ከመስኮት ርቀው ይሸፈኑ። በክረምቱ በሳምንት አንድ ቀን ክፍሉን የሚከፍት ሰው በስም ይመደብ። ነሐሴ መጨረሻ ቆጠራ ይደረግ።

"መምህሩ በክረምት እረፍት ላይ ነው" የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ ያ ቀን በጽድቅ ሳይሆን በሥራ ሰዓት ይታሰብለት፤ ክፍያውም በዕቅዱ ውስጥ ይግባ።

ከሁሉ በላይ ግን የቆጠራው ጥያቄ ይቀየር። የንብረት መዝገቡ እስካሁን የሚጠይቀው "ስንት አሉ?" ብሎ ነው። "ዘንድሮ ተማሪ ስንት ሰዓት ሠራባቸው?" ብሎ ቢጠይቅ፣ ቁልፉ ከኪስ ለመውጣት መስከረምን አይጠብቅም ነበር።